ንፋሱ ሲወጣ

ከባድ መኪና ጥግ ይዞ ሲቆም ሾፌሩ ከፊቱ ያለችውን የማቆሚያ ቁልፍ ይስባል፤ ከመኪናው ሆድ ‹‹ጭሽሽ›› የሚል ድምፅ ይወጣል። ይህን የሚሰማ ብዙ ሰው ንፋሱ ጎማውን ያዘው ብሎ ያስባል። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ጎማውን ያሰረው ንፋስ ሳይሆን ወፍራም የብረት ሞላ ነው። መኪናው በሚሄድበት ሰዓት ሁሉ የንፋሱ ሥራ ያንን ሞላ ጨቁኖ መያዝ ነበር። ንፋሱ ሲወጣ ሞላው ተፈታ፣ ጎማው ታሰረ።

ስለ ታመቀ አየር ሳስብ ሁልጊዜ ከዚህ ድምፅ መነሳት ይቀናኛል። ሰው ኮምፕሬሰር (አየር ማመቂያ ማሽን) ሲገዛ የሚጠይቀው ‹‹ስንት ባር ግፊት ይሰጣል?›› ብሎ ነው፤ የሚያስበው ስለ መግቢያው ነው። አየር ግን ታንከር ውስጥ ተቀምጦ ምንም አይሠራም። የሚሠራው ከበዛበት ወደ አነሰበት ሲሄድ ነው፤ ስለዚህ መውጫውን ያላየ ሰው ማሽኑን ግማሹን ብቻ ነው ያየው። ከጎሚስታ ቤት እስከ ውሃ ማሸጊያ ፋብሪካ፣ ከአውቶቡስ በር እስከ ተሳቢ ፍሬን ድረስ የአየር ብልሽት ብዙውን ጊዜ የመውጫ ብልሽት ነው፦ በማይገባው ቦታ የሚወጣ አየር፣ መውጣት ሲገባው ታፍኖ የሚቀር አየር፣ ወይም ይዞት ገብቶ ሳያስወጣው የቀረ ውሃ።

በታመቀ አየር የሚሠራ ነገር የሚጠራበት ‹‹ኒውማቲክ›› የሚለው ቃል ከግሪኩ ‹‹ፕኔውማ›› የመጣ ነው። ፕኔውማ ንፋስም፣ እስትንፋስም፣ መንፈስም ነው። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ነፋስ፣ ነፍስ፣ መንፈስና እስትንፋስ የአንድ የግዕዝ ሥር ቅርንጫፎች ናቸውና። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ‹‹ነፋስ ወደሚወደው ይነፍሳል›› ተብሎ ወዲያው ስለ መንፈስ ሲነገር፣ በግሪኩ ለሁለቱም የቆመው ያው ፕኔውማ ነው። መጻሕፍቱ ‹‹የታመቀ አየር›› ይበሉ እንጂ ጎሚስታው ‹‹ንፋስ ልሙላ?›› ብሎ ነው የሚጠይቀው፤ ለእኔ የቃሉ ትክክለኛ ትርጉም ይኸው ነው።

መሣሪያውም ቢሆን ለእኛ አዲስ አይደለም። ቀጥቃጭ ቤት ያለው ወናፍ ሁለት የቆዳ ከረጢት ነው። የከረጢቱ አፍ በሁለት እንጨት የተከፈለ ነው፤ ሠራተኛው ሲያነሳው አፉን ይከፍታል፣ ሲጫነው እጁን ጨብጦ ይዘጋዋል። አየሩ በሌላኛው ጫፍ ባለው ቧንቧና በሸክላ አፍንጫ በኩል ወደ ከሰሉ ይሄዳል። እዚህ ላይ የሰውየው መዳፍ አየር እንዲገባ ብቻ የሚፈቅድ፣ እንዳይመለስ የሚከለክል የአንድ አቅጣጫ ቫልቭ ነው። ሁለት ከረጢት ያስፈለገውም አንዱ ሲሞላ ሌላው እንዲነፋና እሳቱ ትንፋሽ እንዳያጣ ነው። ባለ ሁለት ፒስተን ኮምፕሬሰር ይህንኑ ነው የሚያደርገው፤ መዳፉን በስስ የብረት ምላስ ተካ፣ ከረጢቱን በሲሊንደር።

አሁን ወደ ቁጥሩ። የግፊት መለኪያ ጌጅ ዜሮ ሲል አየር የለም ማለት አይደለም፤ ውስጡና ውጭው እኩል ናቸው ማለት ነው። በባሕር ጠለል ላይ የአካባቢው አየር ራሱ 1.01 ባር፣ ማለትም 14.7 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ይጫናል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ወደ 2,350 ሜትር ከፍ ስለምትል ይህ ግፊት 0.77 ባር፣ ወደ 11 ፒኤስአይ ገደማ ይወርዳል። ከአራት እጅ አንዱ ጎድሏል ማለት ነው። ጌጁ ይህን አይናገርም፤ ኮምፕሬሰሩ ግን በየምቱ ይከፍለዋል።

የ100 ሊትር ታንከር በጌጅ 8 ባር እስኪደርስ ለመሙላት ጅቡቲ ላይ 790 ሊትር ያህል የአካባቢ አየር መሳብ ይበቃል። አዲስ አበባ ላይ ለዚያው 8 ባር 1,040 ሊትር ያህል ያስፈልጋል። በደቂቃ 200 ሊትር የሚስብ ኮምፕሬሰር እዚያ በአራት ደቂቃ የሚጨርሰውን እዚህ ከአምስት ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። ማሽኑ አልተበላሸም፤ የሚስበው አየር ስስ ሆኖበት ነው። የማመቁ መጠንም ይለያል፦ ጅቡቲ ላይ አየሩ ወደ ዘጠኝ እጥፍ ይታመቃል፣ አዲስ አበባ ላይ ከአስራ አንድ እጥፍ በላይ። አየር ሲታመቅ ይግላልና የኮምፕሬሰሩ ጭንቅላትም ከዚያው ጋር ይግላል። ሙቀቱ ምንም ባይባክን ኖሮ 20 ዲግሪ ሆኖ የገባው አየር ዘጠኝ እጥፍ ሲታመቅ ወደ 275 ዲግሪ፣ አስራ አንድ እጥፍ ተኩል ገደማ ሲታመቅ ከ300 ዲግሪ በላይ በደረሰ ነበር። በተግባር የሲሊንደሩ ክንፎችና ማራገቢያው ብዙውን ይወስዱታል። ሆኖም በደጋ ከተማ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ጋራዥ ባለ አንድ ደረጃ ኮምፕሬሰር አልመክርም። በመጀመሪያ በትልቁ ፒስተን አምቆ፣ በመሀል አቀዝቅዞ፣ በትንሹ ፒስተን የሚጨርሰው ባለ ሁለት ደረጃ ዋጋው ቢከብድም ቫልቩና ዘይቱ ይቆያሉ።

ጎማ ላይ ይኸው ሒሳብ አስገራሚ ነገር ያሳያል። ጅቡቲ ላይ በ35 ዲግሪ ሙቀት 100 ፒኤስአይ የተሞላ ጎማ ሙቀቱ ሳይለወጥ አዲስ አበባ ቢደርስ ጌጁ ከ103 በላይ ያነባል፤ ከውጭ የሚጫነው ቀንሷልና። ጎማው ወደ 20 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ንባቡ ወደ 98 ይወርዳል። ከፍታው የጨመረውን ብርዱ ስለሚወስደው ሾፌሩ ‹‹ምንም አልተለወጠም›› ይላል። አደጋው ሌላ ቦታ ነው፦ ከረጅም ጉዞ በኋላ ትኩስ ጎማ ለክቶ ‹‹በዝቷል›› ብሎ ማስተንፈስ። ጎማው ሲቀዘቅዝ ከሚገባው በታች ይሆናል፤ በማግስቱ ጎኑ እየተጣጠፈ ይሮጥና ከቀድሞው የበለጠ ይግላል። ግፊት የሚለካው ጎማው ሲቀዘቅዝ፣ ጠዋት ከመነሳት በፊት ነው።

ኃይልና ሥራ የሚደባለቁበት ቦታ ደግሞ አለ። ኃይል ለማግኘት ግፊትና ስፋት ይበቃል፤ 1 ባር በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ 1 ኪሎ ያህል ይገፋል። 50 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ፒስተን 19.6 ካሬ ሴንቲሜትር ፊት ስላለው በ6 ባር 120 ኪሎ ያህል ይገፋል። ሲመለስ ግን ዘንጉ የያዘው ቦታ ይቀነሳል፤ ዘንጉ 20 ሚሊሜትር ከሆነ 100 ኪሎ ያህል ብቻ ይስባል። ፒስተኑ ቆሞ ሲገፋ አየር አይፈጅም። መንቀሳቀስ ሲጀምር ግን በየምልልሱ ሲሊንደሩን የሚሞላ አየር ይፈልጋል፤ ያ አየር ሥራውን ጨርሶ ወደ ውጭ ይጣላል። ስለዚህ ባር ብቻ ተናግሮ በደቂቃ የሚሰጠውን ሊትር የማይናገር ሻጭ የሚያስፈልገውን አልተናገረም።

ይህ ጎልቶ የሚታየው የከባድ መኪና ጎማ ብሎን በሚፈታው ሽጉጥ ላይ ነው። የታንከሩ ጌጅ 8 ባር ይላል፣ ሽጉጡ ይንቀጠቀጣል፣ ብሎኑ ንቅንቅ አይልም። የተለመደው መድኃኒት ግፊቱን ወደ 10 ማሳደግ ነው፤ ስህተት ነው። አብዛኞቹ የእጅ መሣሪያዎች የተሠሩት ሲሠሩ መግቢያቸው ላይ 6.2 ባር፣ ማለትም 90 ፒኤስአይ እንዲያገኙ ነው። ቁም ነገሩ ‹‹ሲሠሩ›› የሚለው ላይ ነው። ከሽጉጡ መግቢያ ላይ ትንሽ ጌጅ አስገብቶ ማስነሻውን ተጭኖ ማየት ይበቃል። ቆሞ 8 የነበረው ሲሠራ 4 ከሆነ አየሩ መንገድ ላይ ታንቋል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ለጎማ መሙያ የተገዛ ቀጭን ቱቦ ነው። ባለ አንድ ኢንች ሽጉጥ ውስጡ 19 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦ ይፈልጋል፤ በ8 ሚሊሜትር ቱቦ ግፊት እንጂ በቂ አየር አይደርሰውም። ሁለተኛው ተጠርጣሪ ፈጣን ማገናኛው ነው፤ ቱቦው ሰፊ ሆኖ የማገናኛው ቀዳዳ እርሳስ የማያሾልክ ሲሆን ይገኛል። ሦስተኛው መውጫው ነው። የሽጉጡ የድምፅ ማፈኛ በዘይትና በአቧራ ከተደፈነ ያገለገለው አየር መሄጃ ያጣል፣ ውስጥ ያለው የሚሽከረከር ክፍል ከፊትም ከኋላም ይገፋል፣ ጉልበቱ ይሞታል። ማፈኛውን ፈትቶ ማጠብ ጥቂት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ስለ ብሎን ካነሳን አይቀር፦ በሽጉጥ ማጥበቅ ማስጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። 22 ሚሊሜትር ብሎን ያለው የከባድ መኪና ቸርኬ አብዛኛውን ጊዜ ከ610 እስከ 680 ኒውተን ሜትር ይጠይቃል። ያ የሚለካው በመለኪያ ቁልፍ ነው፤ ከ80 እስከ 160 ኪሎ ሜትር ከተሄደ በኋላም እንደገና ይለካል። ሽጉጡ ያጠበቀውን መጠን ሽጉጡ ራሱ አያውቀውም።

የመውጫው ጉዳይ በፋብሪካ ሲሊንደር ላይ ይበልጥ ይጠራል። አምስት ቀዳዳና ሁለት አቋም ያለው ቫልቭ አንዱን ጎን ሲሞላ ሌላውን ወደ ውጭ ይከፍታል። ፒስተኑ ፈጥኖ የሚጋጭ ከሆነ ጀማሪው መግቢያውን ያጠባል። ያኔ ፒስተኑ እየቆመ እየዘለለ ይሄዳል፤ አየር እንደ ሞላ ስለሆነ ከኋላው ይጠራቀምና ድንገት ይወረውረዋል። ትክክለኛው መንገድ አየሩ ያለ ገደብ እንዲገባ ትቶ የሚወጣውን ማጥበብ ነው። ከፊቱ ያለው አየር ቀስ ብሎ ሲለቅ ፒስተኑ እንደ ትራስ በሚይዘው ነገር ላይ ተደግፎ ይሄዳል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ ማሽኑ አየሩ ተለቆ ካደረ ከፊት ትራስ የሚሆን አየር የለም። ጠዋት የመጀመሪያው ምት ያለ ልጓም ነው፤ ጣት የሚያጠፋውም ይህ ምት ነው። በቀስታ የሚሞላ መክፈቻ ቫልቭ ለዚህ ተብሎ የተሠራ ነው።

ውሃው የራሱ ታሪክ አለው። በ20 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር ከ17 ግራም የሚበልጥ እንፋሎት መሸከም አይችልም፤ ታምቆም ቢሆን ለዚያው ለአንድ ሜትር ኩብ ቦታ አቅሙ ያው 17 ግራም ነው። ግማሽ እርጥበት ያለው ዘጠኝ ሜትር ኩብ አየር 78 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይገባል። ወደ አንድ ሜትር ኩብ ታምቆ ሲቀዘቅዝ 17 ግራሙን ይይዛል፣ 60 ግራም ያህሉ ጠብታ ሆኖ ታንከሩ ወለል ላይ ይቀራል። ይህ የደጋ አየር ነው፤ እንደ ጅቡቲ ያለ የባሕር ዳርቻ ሙቅ አየር በአንድ ሜትር ኩብ ሁለትና ሦስት እጥፍ እንፋሎት ይዞ ሊገባ ይችላል። ውሃው ታንከሩን ከሥሩ ያዝገዋል፣ የቫልቮቹን ቅባት ያጥባል፣ የአየሩን ቦታ ይሻማል፤ በአሜሪካና በአውሮፓ ክረምት ደግሞ ቧንቧው ውስጥ በረዶ ሆኖ መውጫውን ይደፍናል።

ስለዚህ የታንከሩ ታችኛ ቧንቧ በየቀኑ ማታ፣ ታንከሩ ገና ጥቂት ግፊት እያለው ይከፈታል። የሚወጣውን ማየት ራሱ ምርመራ ነው። ንጹሕ ውሃ ከሆነ የተለመደ ነው። እንደ ወተት የነጣ ወይም ቡናማ ዝቃጭ ከሆነ የኮምፕሬሰሩ የፒስተን ቀለበት ዘይት እያሳለፈ ነው። ቀይ ዝገት ከሆነ የታንከሩ ወለል እየሳሳ ነው። በከባድ መኪና ላይ የአየር ማድረቂያ ስላለ ‹‹እኔ ማፍሰስ አያስፈልገኝም›› የሚል ሾፌር አለ። ማድረቂያው በትክክል ከሠራ ታንከሩ ደረቅ ነው፤ ሲከፈት ውሃ ከመጣ ማድረቂያው ሞቷል ማለት ነው፤ ይህን የሚናገረው ያችው ቧንቧ ናት። ጋራዥ ውስጥ ቧንቧ ሲዘረጋ ዋናው መስመር በየ100 ሜትሩ 1 ሜትር ያህል እንዲያዘቀዝቅ፣ ወደ መሣሪያ የሚወርደው ቅርንጫፍ ከዋናው ቧንቧ ጀርባ ላይ ተነስቶ እንደ ከዘራ ታጥፎ እንዲወርድ ይደረጋል፤ ውሃ በሆድ በኩል ስለሚሄድ ወደ ቅርንጫፉ አይገባም። የውሃ ፕላስቲክ ቧንቧ ለአየር አይሆንም። ውሃ ያለበት ቧንቧ ሲሰነጠቅ ያንጠባጥባል፤ አየር ያለበት ሲሰበር ስብርባሪውን እንደ ጥይት ይበትነዋል።

ፍሳሽም ዋጋ አለው። በ7 ባር መስመር ላይ 3 ሚሊሜትር ቀዳዳ በደቂቃ 600 ሊትር ያህል ይጥላል፤ አንድ መካከለኛ የጋራዥ ኮምፕሬሰር ሙሉ ጉልበቱን ሰጥቶ ለቀዳዳው ብቻ ይሠራል ማለት ነው። አየር መርዝ አይደለም፣ አይሸትም፣ ወለል አያቆሽሽም፤ ለዚህ ነው ሰው ለዓመት እየሰማው የሚተወው። የሳሙና ውሃና ብሩሽ ይበቃል።

ወደ ፍሬኑ ልመለስ፤ የዚህ ሁሉ ነገር ማሰሪያ ያለው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1869 ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ የባቡር የአየር ፍሬን የፈጠራ መብት ሲያገኝ አሠራሩ ቀጥተኛ ነበር፦ ማቆም ሲፈለግ ከሞተሩ አየር ተልኮ የየፉርጎውን ፒስተን ይገፋል። ጉድለቱ ግልጽ ነው፤ ቱቦ ከተበጠሰ ወይም ፉርጎ ከተቆረጠ ፍሬን በሚያስፈልግበት በዚያች ሰዓት ፍሬን የለም። በ1872 ነገሩን ገለበጠው። መስመሩ ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ ይቆያል፣ እያንዳንዱ ፉርጎ የራሱ ታንከርና ቫልቭ አለው፤ የመስመሩ ግፊት ሲወርድ ቫልቩ የፉርጎውን ታንከር ወደ ፒስተኑ ይከፍታል። ከዚያ ወዲህ የተበጠሰ ቱቦ ባቡሩን ያቆመዋል እንጂ አይለቀውም። የአየሩን መጥፋት ራሱን ትእዛዝ ማድረግ ከማውቃቸው የምህንድስና ሐሳቦች ሁሉ በጣም የማከብረው ነው።

የዛሬው ከባድ መኪና ይህንኑ በብረት ሞላ ይሠራዋል። በሞተሩ የሚዞር ኮምፕሬሰር አየሩን በማድረቂያ በኩል ወደ ታንከሮች ይልካል። የፊትና የኋላ ፍሬን የተለያየ ታንከር አላቸው፤ በመካከላቸው የአንድ አቅጣጫ ቫልቮች ስላሉ አንዱ ቢተነፍስ ሌላው ይቀራል። ግፊቱ በብዙ የአሜሪካ መኪኖች ወደ 125 ፒኤስአይ ሲደርስ መቆጣጠሪያው ሙሌቱን ያቆማል፤ ማድረቂያውም በዚያች ቅጽበት ‹‹ፕሽ›› ብሎ የሰበሰበውን ውሃ ይተፋል። ወደ 100 ሲወርድ ይጀምራል። ወደ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት ረጅም ስለሆነ ፔዳሉ የሚልከው ምልክት ብቻ ነው፤ ዋናው አየር ከኋላ አክሰል አጠገብ ካለው ታንከር በሪሌይ ቫልቭ በኩል ይገባል፣ ሲለቀቅም እዚያው ይወጣል። የዚህ ቫልቭ መውጫ በጭቃ ከተደፈነ ፍሬኑ ይይዛል ግን ቶሎ አይለቅም፤ የፍሬኑ ሸራ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ከበሮ እየላሰ ይሄዳል፣ ጎማው ይግላል፣ ሾፌሩ ‹‹መኪናው ጉልበት አጣ›› ይላል። በክረምት በጥርጊያ መንገድ የሚሠራ መኪና ላይ መጀመሪያ የማየው ይህችን መውጫ ነው።

ጎማው አጠገብ ያለው ክብ ቆርቆሮ ውስጥ የላስቲክ ዲያፍራም፣ ማለትም አየር ሲገፋው ዘንግ የሚገፋ ሽፋን አለ። 30 ቁጥር የሚባለው 30 ካሬ ኢንች የሚሠራ ፊት ስላለው በ100 ፒኤስአይ 3,000 ፓውንድ፣ ማለትም 1,360 ኪሎ ያህል ይገፋል። ዘንጉ ክንዱን ይገፋል፣ ክንዱ ጫፉ የተጠማዘዘ ሌላ ዘንግ ያዞራል፣ እሱም ሸራዎቹን ወደ ከበሮው ይከፍታል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፦ ያ 1,360 ኪሎ እስከ መጨረሻ አይዘልቅም። የመደበኛው 30 ቁጥር ዘንግ 64 ሚሊሜትር ያህል ነው መሄድ የሚችለው፤ ወደ መጨረሻው ሲጠጋ ዲያፍራሙ ከቆርቆሮው ጋር ይገናኝና ግፊቱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ጉልበቱ ይወድቃል። ስለዚህ የተፈቀደው ገደብ 51 ሚሊሜትር ነው። አለካኩ እንዲህ ነው፦ ጎማዎቹ በድንጋይ ወይም በሽብልቅ ይታገዳሉ፣ የማቆሚያው ፍሬን ይለቀቃል፣ ዘንጉ ከቆርቆሮው በሚወጣበት ቦታ በጠመኔ ምልክት ይደረጋል፤ ሞተሩ ጠፍቶ ታንከሩ ከ90 እስከ 100 ፒኤስአይ ሲሆን ረዳቱ ፔዳሉን ሙሉ በሙሉ ይረግጣል፣ ምልክቱ ስንት እንደ ራቀ ይለካል። ከ51 ካለፈ መስተካከል አለበት። ራሱን የሚያስተካክል ክንድ ያለው ከሆነ ደግሞ በእጅ አጥብቆ መሄድ ችግሩን መደበቅ ነው፤ ክንዱ ለምን እንዳላስተካከለ መፈለግ ይገባል።

ይህ ቁጥር የሕይወትና የሞት ጉዳይ የሚሆነው ቁልቁለት ላይ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ይቀንሳል። ከበሮው ሲግል ይሰፋል፤ ሲሰፋ ሸራው የሚሄድበት ርቀት ይጨምራል። ጠዋት በቀዝቃዛ ከበሮ 50 ሚሊሜትር ይሄድ የነበረው ዘንግ በግማሽ ቁልቁለት መጨረሻው ላይ ይደርሳል። ፔዳሉ ጠንካራ ነው፣ ጌጁ ሙሉ ነው፣ መኪናው ግን አይቆምም። ሾፌሩ ‹‹ፍሬን በጠሰብኝ›› ይላል፤ የተበጠሰ ነገር ግን የለም፤ አየሩ የሚገፋው ዲያፍራም መሄጃ አልቆበታል። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ዜሮ አድርጎ መውረድ ይህን ሁሉ ያባብሳል፦ ሞተሩ አይጎትትም፣ ሸክሙ በሙሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፣ ኮምፕሬሰሩም ከሞተሩ ጋር ዝግ ብሎ ስለሚዞር የሚሞላው አየር ያንሳል። ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ እየረገጡ መልቀቅም እንዲሁ ነው፤ በለቀቁ ቁጥር በየቆርቆሮው ውስጥ ያለው አየር ሁሉ ወደ ሜዳ ይሄዳል። መውረጃው ከመጀመሩ በፊት ዝቅተኛ ማርሽ ማስገባት፣ የሞተር ፍሬኑን መክፈት፣ ከዚያ ከወሰኑት ፍጥነት በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ያህል እስኪወርድ ጠበቅ አድርጎ ይዞ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ፣ ፍጥነቱ ሲመለስ መድገም ነው። የአሜሪካው የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ መመሪያም ይህንኑ ያስተምራል። እዚያ ጭነት የሚነዱ ወገኖቻችን ለፈተናው የሚያጠኑት ሌላ ቁጥርም አለ፦ አየር ከፔዳል እስከ ጎማ ለመድረስ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ይፈጃል፤ በሰዓት 88 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና ያ ብቻ ከ10 እስከ 12 ሜትር ያህል ይጨምራል።

ስለ አደጋ ሦስት ነገር ልበል፤ እነዚህ የሚነገሩት ሰው ከሞተ በኋላ ስለሆነ ነው የሚያሳስበኝ። የማቆሚያው ፍሬን ሞላ ያለበት ቆርቆሮ በፍጹም በጋራዥ አይከፈትም፤ ውስጡ በአንድ ቶን ገደማ ኃይል የታመቀ ሞላ አለ፣ ቀለበቱ ሲፈታ ሽፋኑ እንደ መድፍ ይወጣል። መኪና ለመጎተት ሞላውን መያዝ ካስፈለገ ጎማውን አግዶ ከጀርባው በሚገባው ረጅም ብሎን ማሰር ነው፤ ዲያፍራሙ ወይም ሞላው ከተበላሸ ክፍሉ በሙሉ ይቀየራል። ሁለተኛው ጎማውን በተለየ የብረት ቀለበት የሚይዘው ባለ ቀለበት ቸርኬ ነው። ባለ 20 ኢንች ቸርኬ ላይ 100 ፒኤስአይ ሲሞላ በጎኑ ያለው ግፊት 14 ቶን ያህል ይደርሳል፤ ቀለበቱ በደንብ ካልተቀመጠ ይህ ሁሉ አጎንብሶ ወደሚሞላው ሰው ይዞራል። ጎማውን በብረት ቤት ውስጥ አስገብቶ፣ የጎማውን ቫልቭ ነክሶ በሚይዝ የቱቦ አፍ፣ በረጅም ቱቦ፣ ከጎን ቆሞ መሙላት ነው። ከታዘዘለት ግፊት 80 በመቶ በታች ሆኖ የሮጠ ጎማም ተፈትቶ ውስጡ ሳይታይ አይሞላም፤ የጎኑ ሽቦዎች ተሰባብረው ሊሆን ይችላል፣ ሲሞላ እንደ ዚፕ ይከፈታል። ሦስተኛው ቀላል የሚመስለው ነው፦ በንፋስ ልብስ ማራገፍ። አየር በቁስል በኩል ከቆዳ ሥር ይገባል፣ ዓይን ያጠፋል። ኮምፕሬሰር ያለበት ቤት ውስጥ መጥረጊያም ይኑር።

ጠዋት ከመነሳት በፊት ያለው ፍተሻ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ጎማ ታግዶ፣ ታንከሩ ሞልቶ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ የማቆሚያው ፍሬን ተለቆ ጌጁ ለአንድ ደቂቃ ይታያል፦ ተሳቢ የሌለው መኪና ከ2 ፒኤስአይ፣ ተሳቢ ያለው ከ3 በላይ መጣል የለበትም። ፔዳሉ ተረግጦ ሲያዝ ደግሞ 3 እና 4። ከዚያ ፔዳሉ እየተረገጠ አየሩ ይወርዳል፤ 60 ገደማ ሲደርስ ማስጠንቀቂያው መጮህ፣ ከ45 እስከ 20 ባለው መካከል የማቆሚያው ቁልፍ በራሱ መውጣት አለበት።

ግፊቱ ከጣለ እንደገና ሞልቶ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ሬዲዮውን ዘግቶ መኪናውን በዝግታ መዞር ነው። ፔዳሉ ሳይነካ ከእግር ቫልቩ ሥር የሚወጣ ከሆነ የቫልቩ መቀመጫ ቆሽሿል ወይም ተበልቷል። ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ ከአንድ ጎማ አጠገብ የሚሰማ ከሆነ የዚያ ጎማ የእግር ፍሬን ዲያፍራም ተቀዷል። የማቆሚያው ፍሬን ሲለቀቅ ጀምሮ ሲሳብ የሚያቆም ከሆነ ፍሳሹ በሞላው በኩል ነው። ሙሌቱ ካቆመ በኋላ ማድረቂያው መተፋቱን ካልጨረሰ የመትፊያው ቫልቭ ውስጥ ቆሻሻ ገብቷል። ድምፁ ተሰምቶ ቦታው ካልታወቀ በሳሙና ውሃ የራሰ ብሩሽ በየመገጣጠሚያው ላይ ማሳረፍ ነው፤ አረፋ ያበጠበት ያ ነው።